ጆሮና ኳስ አስተላላፊው

መጀመሪያ የሰማው ካልሲ ሲያደርግ ነው።

«ጆሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ የቀኙን ካልሲ አንስቷል፤ ወደ አፍንጫው ወሰደው፤ አሸተተው፤ ፊቱን አጨማደደ! ያደርገዋል ወይስ ይጥለዋል? አደረገው! አደረገው! ምን ዓይነት ድፍረት ነው፣ ውድ አድማጮቼ!»

ጆሮ ካልሲውን እግሩ ላይ በግማሽ እንዳንጠለጠለ ቀና አለ። ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም። ኮሪደሩን አየ፤ ባዶ ነው። በመስኮት ብቅ አለ፤ መንገዱ ላይ አንዲት ድመት ብቻ አለች፤ እሷም ስለ ካልሲው ግድ ያላት አትመስልም። ድምፁ ቁርጥ የእግር ኳስ አስተላላፊ ድምፅ ነበር፤ ያ ኳሷ ገና መሃል ሜዳ ላይ እያለች ጉሮሮው ሊበጠስ የሚደርስ ዓይነት ሰው።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይጮኻል፣ ወይ ይጸልያል፣ ወይ እናቱን ይጠራል። ጆሮ ግን የሙያ ሰው ነው። ወደ ግድግዳው ሄዶ ሶኬቱን ነቀለ።

«ሶኬቱን ነቀለው!» አለ አስተላላፊው በደስታ። «ምን እንደሚጠቅመው ግን እንጃ!»

የጆሮ አባት ድምፅ ማጉያ አከራይ ነው። ሠርግ በሉት፣ ምረቃ በሉት፣ የሱቅ መክፈቻ በሉት፣ ብቻ ሰው ተሰብስቦ መጮህ በፈለገበት ቦታ ሁሉ የእሱ ስፒከሮች ይሄዳሉ። ቤቱና ሱቁ አንድ ላይ ስለሆኑ ሳሎኑ ውስጥ ከወንበር ስፒከር ይበዛል። እንግዳ ሲመጣ ትንሹ ስፒከር ላይ ይቀመጣል፤ የተከበረ እንግዳ ከሆነ ትልቁ ላይ። እናቱ ቴሌቪዥኑን ያስቀመጠችው የተቃጠለ አምፕሊፋየር ላይ ነው። ታላቅ እህቱ የዕቃ መጫኛዋን መኪና ትነዳለች፤ መኪናዋ ጥሩምባ የላትም፤ እህቱ ስላለች አስፈልጎ አያውቅም።

ጆሮ የሚለውን ስም ያወጣለት አባቱ ነው። ገና ልጅ ሳለ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ «ከግራ በኩል ያለው ስፒከር ውስጡ ተቀዷል» ይል ነበር፤ ሲከፈት ተቀዶ ይገኛል። ትምህርት አልሆነለትም፤ መምህሩ ስለ ወንዞች ሲያወሩ እሱ የሚሰማው የአምፖሉን እዝዝታ ነው። ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። ሚክሰሩ ፊት ሲቀመጥ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ሚክሰር ማለት ማይኩም ሙዚቃውም ወደ ስፒከር ከመሄዱ በፊት የሚያልፍበት ባለ ብዙ ቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሙሽራውን ቀጭን ድምፅ ማወፈርም፣ የተናጋሪውን ውሸት ማሳመርም ይችላል። አባቱ ያንን ወንበር ለማንም ሰጥቶ አያውቅም ነበር፤ ለጆሮ ሰጠው። ጆሮ በዚህ ዓለም ላይ የራሴ የሚለው ነገር ያ ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ አስተላላፊው የመጣ ጊዜ ያስደነገጠው የማበድ ነገር አልነበረም። «ወንበሬን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ነው የደነገጠው። የሌለ ነገር የሚሰማ ጆሮ ማን አምኖ ሚክሰር ላይ ያስቀምጣል?

ዝም አለ። አስተላላፊው ግን ዝም አላለም። ጥርሱን ሲቦርሽ ያስተላልፋል፣ ሲበላ ያስተላልፋል፣ ሽንት ቤት ሲገባ እንኳ «ለአፍታ እናርፋለን» ብሎ አይወጣለትም፤ እዚያማ ይብስበታል። ጆሮ በሳምንታት ውስጥ ከሳ። ገላውን መታጠብ ተወ፤ ያየውን ሁሉ የሚያስተላልፍ ሰው ፊት ማን ልብሱን ያወልቃል? ቀልድ ሲነገር ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። እናቱ «ሴት ናት» አለች። እህቱ «ሴት ብትሆንማ ይታጠብ ነበር» አለች።

በመጨረሻ ሲመረው ለአባቱ ነገረው። ይህን የቤተሰቡን ነገር ለመረዳት ግን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ በእነሱ ሙያ የማይመለከትህን ድምፅ መስማት የተለመደ ነው። ሽቦ ረዘም ካለ፣ ብየዳው ከላላ፣ ማንም ያልጋበዘው የሬዲዮ ሞገድ ሹልክ ብሎ ይገባል። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ቃል ሊገባ አፉን ሲከፍት ስፒከሩ ቀድሞት «ደንበኛዋ ሻንጣ ስለሚበዛባት ሰፋ ያለ ታክሲ ላኩ» ብሏል። ሙሽሪት እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

«አባዬ፣ ቤቱ ድምፅ የሚያፈስ መሰለኝ» አለ ጆሮ።

አባት ከሚበይደው ሽቦ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «በየትኛው ጆሮህ?» አለው።

«በሁለቱም።»

«ሙዚቃ ነው ንግግር?»

«ንግግር። የኳስ አስተላላፊ ነው።»

«ማንና ማን ሲጫወቱ?»

«እኔና ካልሲዬ።»

አባት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ሌላ አባት ቢሆን ልጁን ይጠረጥር ነበር። እሱ የጠረጠረው ሽቦውን ነው። «ረቀቅ ያለ ሞገድ ነው» አለ። «እናትህ እንዳትሰማ። የገዛ ቤቱ ድምፅ የሚያፈስ አከራይ ነው ከተባልኩ ለሬሳ እንኳ የሚከራየኝ አላገኝም።»

ጆሮ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ያበደው እሱ ሳይሆን ቤቱ ነው! ወንበሩ ተረፈች።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ የጀመሩት ዘመቻ ለሰፈሩ ሰው መዝናኛ ሆነ። ሞገዱ ወደ መሬት እንዲወርድ ተብሎ የመዳብ ዘንግ ሊቀበር የእናትየው አበቦች ተነቀሉ። አባት ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አጥልቆ የአጥሩን ጥግ እየታከከ፣ ግድግዳውን እንደ ታማሚ ደረት መታ መታ እያደረገ ይዞራል። ዘንጉ ሲቀበር አስተላላፊው ለጥቂት ቀናት ጠፋ። አባት ደረቱን ነፍቶ ግቢው መሃል ቆመ፤ «ሙያ!» አለ። አንድ ጠዋት ጆሮ ዳቦ ሊቆርስ ሲል፣ «ከአጭር ዕረፍት ተመልሰናል፣ ውድ አድማጮቼ! ጆሮ ዳቦውን ይዟል!» አለው።

አባት ሙያው ስለተደፈረ ጨከነ። የዶሮ ቤት የሚታጠርበትን ሽቦ ገዝቶ የጆሮን አልጋ ዙሪያውን አጠረው። ልጁ ለመተኛት በትንሽ በር አጎንብሶ ይገባል። እናት ይህን ስታይ ቆማ ቀረች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለትንኝ ነው» አላት ባሏ።

«በዚህ ቀዳዳ እኮ እርግብ ያልፋል!»

«ለትልልቅ ትንኝ ነው።»

እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን በጎን ማየት ጀመረች።

አስተላላፊው በበኩሉ ብቻውን መሥራት ሰለቸው መሰለኝ ረዳት ቀጠረ። አዲሱ ድምፅ ቀልድ አያውቅም። ጆሮ ሚክሰሩ ላይ ሲቀመጥ፣ «ዛሬ ያበላሻል፤ ሰው ሁሉ ፊት ይዋረዳል፤ እጁን እዩት» ይላል፤ አስተላላፊው ደግሞ «ትክክለኛ አስተያየት ነው፣ ባልደረባዬ» ይለዋል። ይሄኔ ጆሮ ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። ደግሞም ድምፁን የሚልክበትን ሰው አወቀው።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ድምፅ አከራይ አለ። ሰፈሩ ነጎድጓድ ይለዋል፤ ከባድ ድምፁን ሲለቀው የሰው ሆድ ውስጥ ያለው ምሳ ይዘላል። ነጎድጓድ ሱቅ ውስጥ ያለችው ቀይ መብራት በበራች ቁጥር የአስተላላፊው ረዳት የጆሮን ስም ሲጠራ ጆሮ ሰምቷል። እንዲያውም ነጎድጓድ ቆቡን ሲያስተካክል ምልክት ነው። ይህንን ለአባቱ ሲነግረው አባት ጉልበቱን በእጁ መታ። «ድሮም ጠርጥሬዋለሁ! ባለፈው የምረቃ ሥራ ከእጄ ሲነጥቀኝ ፈገግ ያለው ፈገግታ!» አንዱ በሕመም፣ ሌላው በቅናት አንድ እምነት ላይ ተገናኙ፤ አባትና ልጅ እንደዚያን ሰሞን ተስማምተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ አባት ፒንሳውን ኪሱ ከትቶ መሰላል ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ። የነጎድጓድ ጣሪያ ላይ ወጣና የአንቴናውን ሽቦ ቆረጠው። ከታች የነጎድጓድ ሚስት ፊልሙ መጨረሻ ላይ ስለጠፋባት ጩኸቷን ለቀቀችው። ነጎድጓድ ወጥቶ ቀና ብሎ አየና መሰላሉን አንስቶ ወደ ሱቁ አስገባው።

ሰፈሩ ወጣ። አባት ጣሪያው ላይ ቆሞ በፒንሳው ወደ ታች ይጠቁማል።

«ቤቴ ውስጥ ኳስ ታስተላልፍብኛለህ!»

«እኔ ኳስ አልወድም!» አለ ነጎድጓድ።

«ለዚህ ነዋ የምታስተላልፈው!»

እናት በሽርጧ እጇን እየጠረገች መጣች። ጣሪያውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ፒንሳውን አየች፤ የተነቀሉት አበቦቿ፣ ግድግዳ ማንኳኳቱ፣ የእርግቧ ሽቦ አንድ ላይ መጡባት። ነጎድጓድ «ፖሊስ ልጥራ?» ሲላት፣ «ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ፤ መሰላሉን ስጠው፣ ወንድሜ» አለችው በለሆሳስ። ነጎድጓድም ልቡ ራርቶ፣ «እኔ እኮ መታመሙን አላወቅሁም» አለና መሰላሉን ራሱ ደግፎ አወረደው።

ጆሮ ሕዝቡ መሃል ቆሟል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታቸው ትከሻውን ያዘው። «አይዞህ የኔ ልጅ፤ አባት ነው፤ ያጋጥማል። አልጋውን ሽቦ ሲያጥር ያየሁ ቀን ነው የተጠራጠርኩት።»

የታጠረው የማን አልጋ እንደሆነ ጆሮ ያውቃል። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።

«ጆሮ ዝም አለ!» አለ አስተላላፊው። «አባቱን አሳልፎ ሰጠ! ምን ዓይነት ኳስ ማቀበል ነው!»

ሰኞ ዕለት አራቱም መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ እህቱ መሪው ላይ፣ እናት ከጎኗ፣ አባትና ጆሮ ከኋላ የተጠቀለለ ገመድ ላይ። አባት ታማሚ፣ ጆሮ አስታማሚ ተብሎ ነው። በመንገዱ ሁሉ አባት በመስኮት ያያል። አንዴ ብቻ ወደ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ምንም እንዳትናገር፤ እኔን ምንም አያገኙብኝም» አለው። ጆሮ አባቱ የሚያፈሰውን ቤት ብቻ ሳይሆን እሱንም እየደበቀ እንደሆነ ያኔ ገባው፤ ምናልባት ሽቦ እንዳልሆነ ማሰብ ከጀመረም ሰንብቷል። አባቱ ሽቦ ነው ብሎ ማመኑና እያወቀ መደበቁ፣ የትኛው እንደሚብስ ግን ጆሮ ሊወስን አልቻለም።

ሐኪሟ ከእህቱ ብዙም የማትበልጥ፣ ዓይኗ ላይ የእንቅልፍ እጦት ያለባት ሴት ናት። አባትን ወንበር ሰጥታ ጀመረች።

«ድምፅ ይሰማዎታል?»

«የኔ ልጅ፣ የምበላው በእሱ ነው።»

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ማለቴ ነው።»

«እሱን እኔም አልሰማውም። ችግሩስ እሱ አይደል?»

ሐኪሟ ብዕሯን ከፍ አድርጋ ያዘች። «እርስዎ የማይሰሙትን ድምፅ ነው የሚፈልጉት?»

«አዎ።»

«ማን ነው የሚልክብዎት?»

«ነጎድጓድ።»

ሐኪሟ ረጅም ነገር ጻፈች። እናት ጣልቃ ገብታ፣ «ጎረቤታችን ነው ዶክተር፣ ስሙ ነው» አለች።

«የጎረቤታችሁ ስም ነጎድጓድ ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው፤ መሰላሉን የመለሰልን እሱ ነው» አለች እናት፤ ሐኪሟ አሁን እናትንም ትኩር ብላ አየቻት።

ጥያቄው ቀጠለ። አባት በአንዲት ቃል ራሱን ነፃ ማውጣት ይችል ነበር፤ «እኔ ሳልሆን ልጄ ነው የሚሰማው» ቢል ያበቃል። አላለም። «ቤቱ ያፈሳል አልኩ፣ አበቃ» እያለ ክንዱን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሐኪሟ ለጥቂት ጊዜ ተኝቶ ቢታይ ጥሩ እንደሚሆን ስትናገር እናት ማልቀስ ጀመረች፤ አባት ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ጆሮ አስታማሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል» አለ አስተላላፊው። «ይናገራል? ከተናገረ ሚክሰሩን ይሰናበታል! ካልተናገረ አባቱን እዚህ ጥሎ ይሄዳል! ስታዲየሙ ፀጥ ብሏል!»

«አሁን ዝም በል!» አለ ጆሮ ጮክ ብሎ።

ማንም አልተናገረም ነበር። አራቱም ዞሩ።

«ለማን ነው?» አለችው ሐኪሟ በቀስታ።

«ለኳስ አስተላላፊው» አለ ጆሮ። «የተሳሳተውን ሰው ነው ያመጣችሁት። የምሰማው እኔ ነኝ። የታጠረውም የኔ አልጋ ነው። አባዬ ጤነኛ ነው፤ ግትር ብቻ ነው።»

ሐኪሟ የጻፈችውን ወረቀት ገልብጣ በአዲስ ጀመረች። ለብቻችን ላናግርህ ወይ ስትለው፣ «ይቀመጡ፤ ካልሆነ በሩ ላይ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ» አላት። ስለ ካልሲው ነገራት፣ ስለ ረዳቱ ነገራት፣ ስለ ቀይ መብራቷ፣ ስለ ቆቡ። አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፉን፣ መታጠብ ለምን እንደተወ፣ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣበት እንደሆነ ጠየቀችው። «ረዳቱ አንዳንዴ ይላል፤ እኔ ግን አልታዘዘውም» አለ። እናት የሽርጧን ጫፍ ነከሰች፤ ከቤት ስትወጣ ሳታወልቀው ነበር የመጣችው።

«ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ይመስለኛል» አለች ሐኪሟ። «ዛሬውኑ ቆርጬ አልናገርም፤ ሌላ ነገር እንዳይሆን ደምህን እንመረምራለን፤ ምልክቱ ምን ያህል እንደቆየም እናያለን።»

«ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው?» አለች እናት።

«አይደለም፤ ያ የፊልም ወሬ ነው። አንድ ሰው ነው።»

«ተመስገን» አለች እህቱ። «አንዱንም አልቻልነው።»

ሐኪሟ ለማስረዳት ሞከረች፤ የገዛ አእምሮው የሚያወጣው ድምፅ ከውጭ እንደመጣ ሆኖ እንደሚሰማው፣ ድምፁ ለእሱ እንደ ማንኛውም ድምፅ እውነተኛ እንደሆነ፣ ነጎድጓድ ይልክብኛል ማለቱም የሕመሙ ክፍል ሊሆን እንደሚችል። ፊቱ መዘጋቱ፣ ከሰው መሸሹ፣ ገላውን መርሳቱም ስንፍና ሳይሆን የዚያው ሕመም ሌላው ገጽ ነው። አባት ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ማለትም በኬብል የገባ አይደለም? እዚያው ሚክሰሩ ውስጥ የተፈጠረ ነው?»

«ሚክሰር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን… እንደሱ ነው።»

«እሺ፣ ዓይነቱ ምንድን ነው? ሞዴሉን ካላወቅን እንዴት ይጠገናል?»

ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ድሮ በዓይነት እንከፋፍለው ነበር። የሚያሳድዱኝ አሉ የሚል ጥርጣሬ የሚበዛበት አለ፤ ንግግርና ድርጊቱ የሚዘበራረቅበት አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ አካሉ ደርቆ እንደ ሐውልት የሚቀርበት ጊዜ አለ። አሁን ግን ክፍፍሉን ብዙዎቻችን ትተነዋል፤ አንዱ ሰው ዛሬ እንደዚህ ሆኖ ነገ እንደዚያ ይሆናል። ምልክቱን ነው የምናየው።»

«ሞዴል የለውም» አለ አባት፣ በሙያ ሰው ሐዘን።

«ከማን ወገን ነው የመጣው?» አለች እናት፤ መልሱን የምታውቅ መሆኗ ከድምፅዋ ያስታውቃል። «የአንተ አጎት ከዛፍ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።»

«ጥፋተኛው ዛፉ ነበራ! ያንቺ አክስት አይደለችም የቤቱን መስታወት ሁሉ በጨርቅ የሸፈነችው?»

«እሷ መልኳን ስላየች ነው!»

«ዘር የራሱ ድርሻ አለው» አለች ሐኪሟ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «ግን ብቻውን አይወስንም፤ የማንም ጥፋትም አይደለም። የእርግዝናና የወሊድ ችግር፣ በልጅነት የደረሰ ከባድ ነገር፣ በለጋ ዕድሜ ሐሺሽ ማጨስ፣ እነዚህ ሁሉ ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። አጭሰህ ታውቃለህ?»

ሦስቱም ወደ ጆሮ ዞሩ።

«የሠርግ ጭስ ማሽናችን ካልተቆጠረ፣ አላውቅም።»

«ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር» አለች እናት።

«አላልኩሽም? ከማህፀን ጀምሮ ከኬብል ጋር ነው ጣጣው!» አለ አባት። ቀልድ አልነበረም፤ ግን እህቱ ሳቀች፣ ከዚያ እናት እያለቀሰች ሳቀች፣ ጆሮም ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲላወስ ተሰማው።

«ይድናል?» አለች እህቱ፣ ሳቁ ሲያልቅ።

«ብዙዎች በመድኃኒትና በቤተሰብ እርዳታ ጥሩ ኑሮ ይኖራሉ። አንዳንዱ ይመለስበታል። ቶሎ መምጣታችሁ ጥሩ ነው፤ የተሳሳተ ሰው ይዛችሁም ቢሆን።»

ጆሮ የቀረችውን ጥያቄ አወጣት። «ሚክሰሩ ላይ መቀመጥ እችላለሁ?»

«ሥራ መኖሩ ይጠቅምሃል። መቼና እንዴት የሚለውን እያየን እንወስናለን።»

ጆሮ አባቱን አየው። አባት በሩን እያየ፣ «እናያለን» አለ። በአባት አፍ «እናያለን» ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

ክኒኑ መጀመሪያ ላይ ጆሮን እንደ እርጥብ ፍራሽ አደረገው። እንቅልፍ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ረሃብ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አፉ ይደርቃል። አንዴ ተናዶ ሊተወው ሲል ሐኪሟ መጠኑን አስተካከለችለት። ረዳቱ ጠፋ፤ ለሽኝት እንኳ አልተናገረም። አስተላላፊው ግን ግድግዳ ማዶ እንዳለ ሬዲዮ ሆኖ ቀረ፤ ይንጫጫል፤ ቃሉ አይለይም። ስለ ነጎድጓድ ስትጠይቀው መጀመሪያ «ከመቶ መቶ እርግጠኛ ነኝ» ብሏት ነበር። ቆይታ ስትጠይቀው «አርባ» አላት።

«አርባውስ ለምን ቀረ?»

«አይ ዶክተር፣ ነጎድጓድን ስለማታውቂው ነው።»

የጆሮ ሥራ ግን ገመድ መጠቅለል ሆነ። አባት ሚክሰሩ ላይ ራሱ ተቀመጠ። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህም ነበር ወንበሩን ለልጁ የለቀቀው። አንድ የምረቃ በዓል ላይ ማይኩን አለልክ ከፍ አድርጎ ስፒከሩ ረጅም ፉጨት አፏጨ። ተመራቂዎቹ ጆሯቸውን ያዙ፤ የክብር እንግዳው ለመስማት የሚያግዛቸውን መሣሪያ አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና እፎይ ብለው ተቀመጡ። አባት ብቻ ነው ያልሰማው፤ በልበ ሙሉነት አውራ ጣቱን ለመድረኩ አሳየ። ጆሮ የጠቀለለውን ገመድ ጥሎ ሮጦ ቁልፏን ዝቅ አደረጋት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናዋ ውስጥ ተጣሉ።

«ወንበሬን መልስልኝ።»

«የሌለ ነገር የሚሰማ ሰው ሚክሰር ላይ አላስቀምጥም፤ ልጄም ቢሆን።»

«ያለውን የማይሰማ ሰውስ?»

እህቱ መሪውን ይዛ ሳቋን አፈነች፤ አልቻለችም። መኪናዋ ከመንገድ ልትወጣ ነበር። ቤት ደርሰው መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አባት አልወረደም።

«ፈርቼ ነው» አለ፣ ወደ ማንም ሳያይ። «የማላየውን ብልሽት አላውቅበትም።»

«እኔም አላየውም» አለ ጆሮ። «ስጠራጠር ግን እጠይቃለሁ። እህቴን አጠገቤ አቁማት፤ ትሰሚያለሽ ወይ እላታለሁ፤ የለም ካለች አልነካም። አንተ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«እኔ ለመጠየቅ ነው የተፈጠርኩት?» አለ አባት፤ ግን ድምፁ ወርዶ ነበር። «አንድ ሠርግ። አንድ ብቻ። ከተበላሸ ወደ ገመድህ ትመለሳለህ።»

«እሺ።»

ሠርጉ በትልቅ አዳራሽ ነበር። ጆሮ ታጥቧል፤ እናቱ ሸሚዝ ተኩሳለታለች፤ ጣቶቹ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ቁልፎቹን ሲነካ ቀነሰ። እህቱ አጠገቡ ቆማለች። አባት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ክንዱን አጣጥፎ፣ ከሚክሰሩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ንግግሩ አለፈ፤ ምንም አልተበላሸም። ጭፈራው ተጀመረ፤ አዳራሹ ሞቀ።

ያኔ ከግራ በኩል ቀጭን ፉጨት ተነሳ። እያደገ መጣ፤ ጥርስ እስኪያሳክክ ድረስ። የጆሮ እጅ ወደ ቁልፏ ተወረወረ፤ ቢነካት ዘፈኑ መሃል ላይ ሊቆረጥ ነው። ጣቱ ልትነካት የፀጉር ያህል ሲቀራት ቆመ። አባት ከግድግዳው ተላቆ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ።

«ትሰሚያለሽ?» አለ ጆሮ።

«ምኑን?» አለች እህቱ።

«ፉጨት። ከግራ።»

አንገቷን ወደ ግራ አዘነበለች። አልቸኮለችም። «የለም። ዘፈኑ ብቻ ነው።»

ፉጨቱ አልቆመም፤ አሁንም ይጮኻል። ጆሮ እጁን ከቁልፏ ላይ አነሳና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ያላበው መዳፉ ሱሪው ላይ ምልክት ተወ። ዘፈኑ ቀጠለ፤ ሰው ይጨፍራል። አባት ዞረና ወደ ምግቡ ጠረጴዛ ሄደ። ሥራ ላይ ሆኖ እህል በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው ሳህን አንስቶ ሰልፍ ያዘ።

የሙሽራው አጎት ላቡን እየጠረገ ወደ ሚክሰሩ ጎንበስ አለ። ሁሉንም አይቷል።

«ምንድን ነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ጋሼ። የኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚያፏጨው፤ እርስዎ ይጨፍሩ።»

አጎት ነገሩን አሰበበት። «ዘፈኑስ ከዚያው ነው የሚመጣው?»

«አይ፣ ዘፈኑ ከኬብሉ ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ ከፍ አድርገው!»

ጆሮ ከፍ አደረገው።